የድሮ መኪና የኋላ ኮፈን ሞላ ስለመቀየር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ሞላ ይወጣል፣ ሁለት ሞላ ይገባል፤ ሞተር አይነካም፣ ዘይት አይፈስም። እኔ ግን የድሮ መኪና ሳድስ ከሞተር ይልቅ የምጠነቀቀው ለዚህ ሥራ ነው። ሞላ እንደ ወጥመድ ነው፤ ተጠምዶ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ሲለቀቅ ግን ጣት ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ከታች ባሉት መልሶች ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ነገር አለ፦ መፍቻ ከማንሣትዎ በፊት ጉልበቱ በዚያች ሰዓት የት እንደተቀመጠ ይወቁ።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። የኋላ ኮፈን የምለው የዕቃ መጫኛውን ክዳን ነው። በቮልስዋገን ቢትል ሞተሩ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ከፊት ስለሆነ፣ የቢትል ባለቤቶች “የኋላ” የሚለውን “የፊት” ብለው ያንብቡልኝ።

ኮፈኑ ተከፍቶ አልቆም አለኝ። ሞላው ደክሟል ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ሞላ ከመግዛትዎ በፊት ሌሎቹን ጥፋተኞች ይመርምሩ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረ ስፖይለር፣ የሻንጣ መደርደሪያ ወይም ከአሮጌ አደጋ የተረፈ ወፍራም ስቱኮ ኮፈኑ ላይ ካለ፣ ሞላው ጤነኛ ሆኖም አይችለውም። ሞላው የተሠራው ለባዶው ኮፈን ክብደት ነው፤ 2 ኪሎ ብቻ ቢጨመር እንኳ ጭነቱ ያረፈው ከማጠፊያው ርቆ፣ ጫፉ አካባቢ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛው ማጠፊያው ራሱ ነው። ፒኑ ተበልቶ ኮፈኑ ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ሞላው ጉልበቱን በትክክለኛው መስመር አያስተላልፍም። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያልፈው ደግሞ የሞላው መንጠቆ የሚታሰርበት ቦታ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት አዳዲስ ሞላዎች አስገብቼ ኮፈኑ እንደ ድሮው ወደቀ። ለካስ ሞላው የሚታሰርበት ላሜራ ከሥሩ በዝገት ተበልቶ፣ ሞላው በተወጠረ ቁጥር አብሮት ይታጠፍ ኖሯል። ሞላው ከመለጠጥ ይልቅ ቦዲውን ይስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ የማየው ያንን ላሜራ ነው፤ አንድ ሰው ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዝቅ ከፍ ሲያደርግልኝ እኔ በባትሪ ብርሃን የሞላውን መታሰሪያ እመለከታለሁ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሥራው የሞላ ሳይሆን የብየዳ ነው።

የብየዳ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ በብዙ የድሮ መኪኖች የነዳጅ ታንከሩ ወይም የመሙያ ቱቦው እዚያው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ወይም ከሥሩ ነው። ታንከሩ ሳይወጣ እዚያ አካባቢ እሳት አይለኮስ።

ሞላው መድከሙን በዓይን ማወቅ ይቻላል?

ለጥቅል ሞላ አዎ። የሚለጠጥ ሞላ ሲሠራ ዙሮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ በመጠኑም ተጨናንቀው ነው የሚጠቀለሉት። ስለዚህ ጤነኛ ሞላ ከመኪናው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ዙሮቹ ይነካካሉ። አንሥተው ወደ ብርሃን ሲያዩት በዙሮቹ መካከል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ፣ ሞላው ከአቅሙ በላይ ተለጥጦ ወደ ቦታው መመለስ አቅቶታል።

ከዚያ መንጠቆዎቹን ይዩ። ሞላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መሀሉ ላይ አይደለም፤ ሽቦው ከጥቅሉ ወጥቶ መንጠቆ ለመሆን የሚታጠፍበት ክርን ላይ ነው፤ ውጥረቱ የሚከማቸው እዚያ ነውና። በሽቦ ብሩሽ አጽድተው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካዩ፣ ወይም መንጠቆው ማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ሲፈተግ ኖሮ ግማሽ ድረስ ከተበላ፣ ያ ሞላ አይመለስ። ዝገትም እንዲሁ ነው። ገጽ ላይ ያለ ቀይ ዝገት ብዙም አያስፈራም፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የገባ ዝገት ግን የስብራት መነሻ ነው።

የመኪናዬ ሞላ ምን ዓይነት ነው?

ኮፈኑን ከፍተው በማጠፊያዎቹ ዙሪያ ይመልከቱ። በሁለቱም ማጠፊያዎች ላይ እንደ ገመድ የተወጠረ የጥቅል ሞላ ካዩ መልሱን አገኙ። ሞላ የሚመስል ነገር ከሌለና ከኋላ መቀመጫው ጀርባ፣ ከአንዱ ማጠፊያ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ካሉ፣ ሞላዎቹ እነሱ ናቸው። የሚሠሩት በመለጠጥ ሳይሆን በመጠምዘዝ ነው፤ ቶርሽን ባር ይባላሉ። በማጠፊያው ፒን ላይ የተጠቀለለ አጭር ሞላም ያጋጥማል። እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ ሲሊንደር ካዩ ያ የጋዝ ዘንግ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

እንዲህ ትንሽ ሞላ ምን ያህል ጉልበት ሊኖረው ይችላል?

እስቲ አብረን እናስላ። ኮፈኑ 14 ኪሎ ይመዝናል፣ የክብደቱ መሀል ደግሞ ከማጠፊያው 45 ሴንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ኮፈኑ ገና ሊነሣ ሲል፣ ወደ ታች የሚያዞረው ጉልበት 14 ሲባዛ በ45፣ ማለትም 630 ኪሎ-ሴንቲ ሜትር ነው። ለሁለት ሞላ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 315 ይደርሰዋል። ሞላው ግን ማጠፊያውን የሚስበው ከፒኑ 45 ሴንቲ ሜትር ርቆ አይደለም፤ ምናልባት በ4 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው። 315 ለ4 ሲካፈል 79 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ጎልማሳ ሰው ሞላው ላይ ተንጠልጥሏል እንደ ማለት ነው። ለዚህ ነው በፒንሳ ጎትቼ አወጣዋለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እጁን የምይዘው።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት ሞላ በተለጠጠው ልክ ይስባል፤ እጥፍ ሲለጠጥ ለመለጠጥ የሚጠይቀው ተጨማሪ ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። የኮፈን ሞላ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚለጠጠው ኮፈኑ ሲዘጋ ነው። ዝም ብሎ የቆመ፣ ኮፈኑ የተዘጋ መኪና ሞላው ሙሉ በሙሉ የተጠመደ መኪና ነው።

እንግዲያው ሞላውን የማወጣው ኮፈኑ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው?

እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። ያኔ ሞላው በመኪናው ላይ ሊኖረው ከሚችለው ውጥረት ሁሉ ዝቅተኛው ላይ ነው። ዝቅተኛ ማለት ግን ዜሮ ማለት አይደለም፤ ኮፈኑን ወደ ላይ ደግፎ ለመያዝ የሚሆን ውጥረት ይቀረዋል።

ኮፈኑን የሚደግፍ ጠንካራ እንጨት በልኩ ቆርጠው ያዘጋጁ፤ ጫፎቹን በጨርቅ ይጠቅልሉ። ሞላው በወጣ ቅጽበት ያ 14 ኪሎ የሚያዝበት ነገር የለውም፤ የቁልፉ ምላስ ባለበት በኩል አንገት ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንጨቱ ላይ ብቻ አይተማመኑ፤ ሌላ ሰው ይኑር። በማጠፊያው ክንድ ላይ ተጠግቶ ወደ ታርጋ መብራት የሚሄድ ሽቦ ካለም ሥራው ሳይጀመር ገለል አድርገው ይሰሩት፤ ሞላ ሲመለስ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። ኮፈኑን ለቀለም ወይም ለባትላሜራ ሥራ ማውጣት ቢፈልጉ፣ ሞላው እንደተወጠረ ኮፈኑን ከማጠፊያው የሚያስሩትን ብሎኖች አይፍቱ። ሞላው ተወጥሮ የሚይዘው የኮፈኑን ክብደት ነው። ክብደቱ በድንገት ሲነሣለት የማጠፊያውን ክንድ ይወረውረዋል፤ በመንገዱ ላይ ያለው ፊት ይሁን የኋላ መስታወት አይመርጥም። መጀመሪያ ሞላ፣ ቀጥሎ ኮፈን። ስንቸኩል የምንገለብጠው ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

የጥቅል ሞላውን ሳልጎዳና ሳልጎዳበት እንዴት ላውጣው?

ሦስት መንገድ አውቃለሁ፤ የምወደው አንዱን ነው።

እሱም በጥርስ ዘንግ መሳብ ነው። አንድ የ10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ዘንግ ጫፉ ላይ ጠንካራ መንጠቆ ይበየድለታል ወይም ይታጠፍለታል። ሌላው ጫፍ ከሞላው ጋር በአንድ መስመር በተቀመጠ፣ ቦዲው ላይ ጸንቶ በተደገፈ ወፍራም ብረት ቀዳዳ ውስጥ ያልፍና በዳዶ ይያዛል። መንጠቆው የሞላውን ዓይን ይይዛል፤ ዳዶውን ሲያጠብቁ ሞላው ይለጠጣል። የዚህ ዘንግ የተለመደው ጥርስ ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚስበው። ሞላው ከቀዳዳው እስኪላቀቅ አሥር ወይም ሃያ ዙር ሊፈጅ ይችላል፤ ግን በማንኛውም ቅጽበት እጅዎን ቢያነሡ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። ከተላቀቀ በኋላም ዳዶውን በዚያው ዝግታ እየፈቱ ጉልበቱን ያስለቅቁታል። አዲሱም በዚሁ መንገድ ይገባል።

ሁለተኛው የሮንዴላ ዘዴ ነው። አንድ ሰው ኮፈኑን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጎ በኃይል ይይዛል፤ ሞላው ሲለጠጥ በዙሮቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ እያንዳንዱ ክፍተት ውስጥ ሮንዴላ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ጎን ይገባል። ኮፈኑ ወደ ላይ ሲመለስ ሞላው መሰብሰብ ስለማይችል ላልቶ በእጅ ይወጣል። ብልሃቱ ያማረ ነው፤ ግን የወጣው ሞላ አሁንም ተጠምዷል። አንዲት ሮንዴላ ሾልካ ብትወጣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ትወረወራለች። ወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ሮንዴላዎቹን ለማውጣትም ሞላውን ሞርሳ ላይ አስረው፣ በጥርስ ዘንጉ መልሰው ይለጥጡት። በምንም ምክንያት ግን ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ኮፈን ሥር ገብተው ሮንዴላ ለማስገባት አይሞክሩ።

ሦስተኛው መንጠቆውን በጠንካራ ገመድ ይዞ በክንድ መጎተት ነው። ለትንንሽ ሞላ ይሠራል። ገመዱ ሲበጠስ ጎታቹ ወደ ኋላ፣ ሞላው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ እኔ አልመክረውም።

በየትኛውም መንገድ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። ፊትዎን በሞላው መስመር ላይ አያድርጉ፤ በጎን ቆመው ይሥሩ።

የእኔ በቶርሽን ባር የሚሠራ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዘንጉ አንድ ጫፉ ከማጠፊያው ክንድ ጋር፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ባለ ጥርስ መሰል ቁርጥ ያለው መታሰሪያ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ቁርጡ ከአንድ በላይ ነው፤ ዘንጉ ወደ ቀጣዩ ቁርጥ ሲዛወር ይበልጥ ይጠመዘዝና ኮፈኑ ይጠነክራል። ስለዚህ ዘንግ ከመቀየርዎ በፊት ያልተሠራበት ቁርጥ እንዳለ ይዩ። ችግሩ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ እዚያው ሊፈታ ይችላል።

ለማንቀሳቀስ ኮፈኑን እስከ ላይ ከፍተው ይደግፉ፤ በዘንጉ የታጠፈ ጫፍ ላይ በልኩ የሚገባ ረዘም ያለ ቱቦ ያጥልቁ፤ ቱቦውን ተጭነው ጫፉን ከቁርጡ ያላቁና ሳይለቁ ቀስ ብለው ያሳርፉት። ቱቦው አጭር ከሆነ ጉልበቱ ያሸንፍዎታል፤ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ እንደ ጅራፍ ይመታል። የኋላ መስታወቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑ።

ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ የትኛው ዘንግ ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ፣ በየትኛው ቁርጥ እንደነበር በቀለም ምልክት ያድርጉ። ግራና ቀኙን አያለዋውጡ። ዓመታት ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠመዘዝ የኖረ ዘንግ በተቃራኒው ሲጠመዘዝ ቶሎ ይደክማል ወይም ይሰበራል።

የተሰበረው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱንም ልቀይር?

አዎ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሲሆን ኮፈኑ በአንድ ጎን እየተገፋ ይነሣል፤ ማጠፊያውን ያጣምማል፣ የኮፈኑ ዳር ከመከላከያው ቦዲ ጋር የነበረው ክፍተት ይዛባል፤ ቀለም ይላጣል።

ኦሪጅናሉ ከገበያ ጠፍቷል። ለሞላ ሠሪ ምን ልንገረው?

አሮጌውን ናሙና ይዘው መሄድ ጥሩ ነው፤ ግን የደከመ ሞላ ርዝመቱን ይዋሻል። ለጥጦ ያረዘመውን ርዝመት ለክተው ቢያሠሩ የደከመ ሞላ ቅጂ ነው የሚያገኙት። ትክክለኛውን የዕረፍት ርዝመት ለማግኘት ዙሮቹን ቆጥረው በሽቦው ውፍረት ያባዙ፤ ዙሮቹ ሲሠሩ ተጣብቀው ስለነበር የጥቅሉ ርዝመት ከዚያ ብዙ አይርቅም። መንጠቆዎቹን ለየብቻ ይለኩ።

ሌላው ሁሉ በካሊፐር ይለካል፤ የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ የውጭ ስፋት፣ የዙሮቹ ቁጥር፣ ሁለቱ መንጠቆዎች ወደ አንድ ጎን ወይም ወደ ተቃራኒ ማየታቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሊሳሳቱበት የማይገባው የሽቦው ውፍረት ነው። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። የ4 ሚሊ ሜትር ሽቦ የነበረውን፣ የጥቅሉ ስፋት ሳይለወጥ፣ በ4.4 ቢተኩት ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ይመስላል፤ ሞላው ግን 46 በመቶ ይጠነክራል። ዝገትና ቀለም የለበሰ ሽቦ ሲለካ ደግሞ በቀላሉ ያን ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ልኬቱ የሚወሰደው እስከ ንጹሕ ብረት ከተፈገፈገ ቦታ ነው፤ ያውም ከሦስት አራት ቦታ።

ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ ሞላም ይሆናል፤ የብርሃኑንና የመንጠቆውን ፈተና ካለፈ።

አሮጌውን አሙቄ፣ ቆርጬ ወይም በይጄ ላድነው?

አይሆንም። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ሲሠራ በተሰጠው የሙቀትና የመሳብ ሂደት ነው። በእሳት ቀይ እስኪሆን ከጋለ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ቅርጹ ይቀራል፣ ሞላነቱ ይሄዳል። ብየዳም በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያንኑ ያደርጋል፣ በዚያው አጠገብም ይሰበራል። አንድ ሁለት ዙር ቆርጦ አዲስ መንጠቆ ማጠፍ ሞላውን ያጠነክረዋል፤ እውነት ነው። ግን የቀሩት ዙሮች የተቆረጡትን ድርሻ ጨምረው መለጠጥ አለባቸው፤ በእጅ የታጠፈው መንጠቆም ደካማው ቦታ ይሆናል።

ዝገት እንዳይበላው ዚንክ ላስነክረው?

በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለኤሌክትሮፕሌት (በኤሌክትሪክ ለሚደረግ የዚንክ ንክር) ሲዘጋጅ በአሲድ የሚታጠብ ጠንካራ የሞላ ብረት ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ይገባል፤ ሃይድሮጅኑ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ሞላው ያምራል፤ ከቀናት በኋላ ማንም ሳይነካው ይሰበራል። የሚድነው ከተነከረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ምድጃ ለሰዓታት ሲቆይ ነው። ነካሪው ይህን እንደሚያደርግ ካላረጋገጠልዎ አይስጡት። እኔ በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ፣ በመጠኑ ለጥጬ፣ ስስ ጥቁር ቀለም እነፋበታለሁ፤ ከደረቀ በኋላ ሰም መሰል የዝገት መከላከያ። የድሮ መኪና ላይም የሚያምረው እሱ ነው።

ለምን በጋዝ ዘንግ አልቀይረውም?

የጋዝ ዘንግ በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ለእሱ ያልተሠራ ኮፈን ላይ ሲገባ ጉልበቱን የሚያሳርፈው ስስ ላሜራ ላይ ነው፤ ላሜራው በጊዜ ብዛት ይጎብጣል። ብርድ ሲሆን የጋዙ ግፊት ስለሚቀንስ ጧት ይሰንፋል። ማኅተሙ ሲያረጅም አይጠገንም፣ ይጣላል። የብረት ሞላ ግን አያያዙን ካወቁበት አሥርተ ዓመታት ያገለግላል። መኪናዎ ከፋብሪካ የጋዝ ዘንግ ይዞ ከመጣ ግን ሲቀይሩት ኮፈኑ በተዘጋበት ሁኔታ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች እንዲያይ ያድርጉ፤ ውስጡ ያለው ዘይት ማኅተሙን ያርሰዋል። አሮጌውን አይብሱት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት።

አዲሱ ገባ፤ አሁን ኮፈኑ ሲከፈት ይወረወራል። ይላላ ይሆን?

በመጠኑ ብቻ። አዲስ ሞላ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደርዘን መክፈትና መዝጋት በኋላ ትንሽ ይረጋል። ከዚያ በኋላም የሚወረወር ከሆነ የሞላው ጉልበት በዝቷል ማለት ነው፤ ኮፈኑ መጨረሻው ላይ ሲመታ ማጠፊያውንና የኮፈኑን ጥግ ያጎብጣል። በደንብ የተመጠነ ኮፈን ቁልፉ ሲለቀቅ በትንሹ ብድግ ይላል፤ ግማሽ ላይ በሁለት ጣት ይያዛል፤ እስከ ላይ ሲደርስ ራሱን ችሎ ይቆማል። በሚንጠለጠል ሚዛን መለካትም ይቻላል። የኮፈኑን ጫፍ በሚዛኑ መንጠቆ ይዘው ግማሽ ላይ ለማቆየት ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ሞላው ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ይመዝግቡ።

ሲከፈትና ሲዘጋ ይጮኻል፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሁለቱን መንጠቆዎች ማሰሪያው ቀዳዳ ላይ ግራሶ ይቀቡ፣ የማጠፊያውን ፒን ዘይት ያጠጡ። ድምፁ ከዙሮቹ መሀል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞላው የማጠፊያውን ክንድ እየነካ ነው፤ መንጠቆው ተገልብጦ ገብቶ እንደሆነ ከመፍታትዎ በፊት ካነሡት ፎቶ ጋር ያስተያዩት።